«ያዝ!» «ይዣለሁ!»

ያንን ፍሬን ሦስት ጊዜ ሠርቼዋለሁ። ሦስት ጊዜ! ሃያ ዓመት በመካኒክነት ስሠራ አንድ መኪና ለአንድ ሕመም ሦስት ጊዜ ተመልሶብኝ አያውቅም። ሌላ ሰው ቢሆን «ሂድ ወደዚያ፣ ሌላ ጋራዥ ፈልግ» ብዬ ባባረርኩት ነበር። ግን የመኪናዋ ባለቤት ታላቅ ወንድሜ ነው። ጋሼን ማን ያባርረዋል?

መኪናዋ አርጅታለች። ኪሎ ሜትር ቆጣሪዋ መቁጠር ሰልችቶት ከቆመ እንኳ ስንት ዓመቱ። ጋሼ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ግን ሥራው እሷ ናት። ጠዋት ጠዋት የልጅ ልጁንና ሦስት የጎረቤት ልጆችን ጭኖ ትምህርት ቤት ያደርሳል። ትምህርት ቤቱ ያለው የሰፈራችን ቁልቁለት ማለቂያ ላይ ነው፤ በሩ ላይ ደግሞ በዚያ ሰዓት ልጅ እንደ ጉንዳን ነው።

መጀመሪያ ሲያመጣት እውነቱን ነበር። የፍሬኑ መርገጫ እስከ ወለሉ ድረስ ይሰምጣል። የፍሬኑን ዘይት የሚገፋውን ማስተር ፈታሁ፤ ውስጡ ያሉት ጎማዎች ተበልተው አልቀዋል፣ ቀየርኳቸው። ዘይቱን ወደ እግሮቿ የሚያደርሱት የላስቲክ ቱቦዎች አባብጠዋል፣ እነሱንም ቀየርኩ። የጠቆረውን ዘይት ደፍቼ አዲስ ሞላሁ፣ አየሩን አስወጣሁ። መርገጫው ድንጋይ ሆነ። ጋሼ መርቆኝ ሄደ።

በአራተኛው ቀን ተመለሰ።

«ብሎኔ፣ አሁንም ስፖንጅ ነው።»

ብሎን የሚለኝ በልጅነቴ አጭርና ድፍን ስለነበርኩ ነው። አምሳ ሊሞላኝ ነው፣ ለእሱ አሁንም ብሎን ነኝ። ገብቼ ረገጥኩት። ድንጋይ!

«ኧረ ጋሼ፣ ምንም የለውም!»

«ምንም የለውም? እኔ ነኛ ያበድኩት?»

የጋሼ እግር እንደ ማንም እግር አልነበረም። አባታችን ሲሞት ያሳደገኝ እሱ ነው፤ መንዳት ያስተማረኝም እሱ፣ በዚህችው መኪና። ያኔ ጫማውን ያወልቅና በካልሲ ፍሬን ረገጥ ያደርጋል፤ ከዚያ «የኋላ ግራ የፍሬን ሸራ አልቋል» ይላል። ጎማውን ፈትተን ስናይ፣ የኋላ ግራ ሸራ አልቋል። እኔ መካኒክ የሆንኩት በዚያ እግር ቀንቼ ነው። ስለዚህ ጋሼ ስፖንጅ ካለ ስፖንጅ ነው፣ ጥፋቱም የእኔ ነው ብዬ እንደገና ፈታሁ። የኋላ ሸራዎቹን አስተካከልኩ፣ አየር አስወጣሁ። ተመለሰ። ለሦስተኛ ጊዜ ፈትቼ ገጠምኩና ጎረቤቴን ጎማ ሠሪውን ጠርቼ አስረገጥኩት። «ምን ሆነሃል? ግድግዳ እኮ ነው!» አለኝ። ጋሼ ሰምቶ ተቀየመ።

«ጎማ ሠሪ ስለ ፍሬን ምን አባቱ ያውቃል?»

ደሜ ፈላ። ግን በጋሼ ላይ አይጮህም፤ መፍቻውን ወርውሬ በመፍቻው ላይ ጮኽኩ።

እሑድ ጠዋት ጋራዡን ዘግቼ እኔና እሱ ብቻ ቀረን። «ዛሬ አንተ ትረግጣለህ፣ እኔ ከሥር አየር አስወጣለሁ። በገዛ እግርህ ታየዋለህ» አልኩት። አሠራሩ ቀላል ነው። ላይ ያለው ሰው ደጋግሞ ይረግጥና ይይዛል፤ ከሥር ያለው ትንሿን ማስወጫ ሲከፍት ዘይቱ አየሩን ይዞ ይፈናጠቃል፤ ይዘጋል። ሁለቱ አይተያዩም። ከሥር ያለው የላይኛውን ድምፅ ማመን ነው እንጂ ሌላ ምርጫ የለውም።

ጋሼ ገባ። በሩ ሥር የቀኝ ጫማው ወድቆ አየሁና እንደ ድሮው በካልሲ ሊረግጥ ነው ብዬ ደስ አለኝ። በጀርባዬ ከሥር ገባሁ።

«ያዝ!»

«ይዣለሁ!»

ከፈትኩ። ጠብ... ጠብ። መፈናጠቅ የለ፣ ምን የለ።

«ጋሼ፣ ጠበቅ አድርገህ ያዝ እንጂ!»

«ይዣለሁ አልኩህ እኮ!»

ከፈትኩ። ጠብ። አዲሱ ላስቲክ ተደፍኖ ይሆናል ብዬ የሸጠልኝን ሰውዬ ከነዘር ማንዘሩ ረገምኩት። ሦስተኛም ሞከርን። ጠብ። ትዕግሥቴ አለቀ፤ እየተነጫነጭኩ ወጥቼ በሩን በረገድኩት።

ክው ብዬ ቀረሁ። ጋሼ መሪውን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ ፊት ለፊት እያየ፣ ጥርሱን ነክሶ ይገፋል። እግሩ ግን ፍሬኑ ላይ አልነበረም። ቤንዚን መስጫው ላይ ነበር። እስከ ወለሉ ረግጦታል።

«ይዣለሁ፣ ምን ትጠብቃለህ?» አለኝ ሳይዞር።

ዞሮ አየኝ፤ ከዚያ ዝቅ ብሎ እግሩን አየ። ጎንበስ አለና ቁርጭምጭሚቱን በእጁ ይዞ፣ እግሩን እንደ ዕቃ አንስቶ ፍሬኑ ላይ አስቀመጠው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኩት።

«ስኳሩ ነው ይላል ሐኪሙ። መጀመሪያ ጣቶቼ ነበሩ የደነዘዙት። አሁን ካላየሁት የት እንዳለ አላውቅም።»

ጫማውንም አላወለቀውም ነበር ለካ። ወልቆበት ነው።

«እና ልጆቹን ጭነህ...?»

«ታች እያየሁ ነው የምነዳው» አለ ቶሎ ብሎ።

ያንን ቁልቁለት፣ ታች እያየ!

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ፍሬኑ በሆነ ብዬ ነው።» ድምፁ አነሰብኝ። «መጀመሪያ እውነት ፍሬኑ ነበር አይደል? አንተ ስትሠራው የሚመለስልኝ መስሎኝ ነበር።» በአገጩ ወደ ሞተሩ ጠቆመና «ሰርቮውን እኮ አልነካኸውም» አለኝ።

ሰርቮ የእግርን ጉልበት የሚያግዘው ክብ ቆርቆሮ ነው። የእሷ ሰርቮ ምንም አልሆነም። እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ።

መፍቻ ይዤ ተገትሬ ቀረሁ። ዕድሜዬን ሙሉ የተበላሸ ነገር ፈትቼ ገጥሜያለሁ፤ ለወንድሜ እግር የሚሆን አንድ ነገር ከዚያ ሁሉ ዕቃ ውስጥ አልነበረኝም። «የመኪናዋን ቁልፍ አምጣ፣ ከዛሬ ጀምሮ አትነዳም» ማለት ነበረብኝ። ምላሴ እምቢ አለኝ።

«እሺ፣ ሰርቮውን አወርደዋለሁ» አልኩ። «ጊዜ ይወስዳል ግን።»

«ይውሰድ» አለ።

ጫማውን አንሥቼ አጎነበስኩና አጠለቅኩለት።

«ገባ?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ገባ ጋሼ።»

ያን ዕለት ከሰዓት ሰርቮውን አወረድኩ። ማስተሩንም አወረድኩ። አራቱንም ጎማ ፈትቼ መኪናዋን በድጋፍ ላይ አቆምኳት። ጤነኛ ፍሬን በገዛ እጄ ሳፈርስ የመጀመሪያዬ ነው።

ሰኞ ጠዋት በእግሩ መጣ። የጎረቤት ልጆቹን ወላጆቻቸው ወስደዋቸዋል፤ እሱ የልጅ ልጁን እጇን ይዞ ቁልቁለቱን ወርዶ አድርሷት መመለሱ ነው። መሬት መሬቱን እያየ ይራመዳል። ሰላም ብሎኝ፣ ጎማ የሌላትን መኪና በር ከፍቶ እግሩን በእጁ አንሥቶ አስገባና ተቀመጠ።

«ብሎኔ፣ እስኪ እንሞክረው።»

የሚሞከር ነገር የለም። ማስተሩ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። መፍቻዬን ይዤ ከሥር ገባሁና በጀርባዬ ተኛሁ።

«ያዝ!» አልኩ።

«ይዣለሁ!» አለ።

ምኑን እንደያዘ ወጥቼ አላየሁም።