የአምስተኛዋ እጅ

እኛ ክሊኒክ ውስጥ አንድ ደንብ አለ፤ የሱስ ታካሚ መድኃኒቱን ይዞ ወደ ቤቱ የሚሄደው አምስታችንም እጅ ስናወጣ ብቻ ነው። ሐኪሙ፣ የሥነ ልቦና ባለሙያዋ፣ ፋርማሲስቷ፣ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛውና እኔ፣ ነርሷ። አንድ እጅ ከጎደለ ቀረ። ታካሚው እዚያው ተቀምጦ ያያል።

ደንቡን ያወጣው ሰው ይባረክ! ወንድሜን የገደለብኝን ሰውዬ እጄ ላይ ጣለልኝ።

የህመም ማስታገሻ ክኒን እየሸጠለት ሱስ ያስያዘው እሱ ነው። ወንድሜ ራሱን ስቶ ሲወድቅ ደረጃ ላይ ጥሎት እግሬ አውጪኝ አለ። ከዓመታት በኋላ ያው ክኒን እሱንም ጨርሶት፣ የሌለ ድምፅ እየሰማ መጣልኝ። ሰውዬውን እንደማውቀው ለቡድኑ መናገር ነበረብኝ። ጭጭ አልኩ። ሰባት ወር ሙሉ በየጠዋቱ የሱሱን መድኃኒት፣ ሽሮፑን፣ እየቀዳሁ፣ እስኪውጥ ቆሜ አየሁት።

አሁን ሌላ ከተማ የሴራሚክ ማንጠፍ ሥራ አግኝቷል። የሳምንት መድኃኒት ካልያዘ ሥራው ይቀርበታል። ሁለት ጊዜ ጠየቀ፤ ሁለቴም እጄን ጭኔ ላይ አስቀምጬ ፊቱ ሲጠቁር አየሁ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ዛሬም አራት እጆች ወጡ።

«እህቴ፣ ምክንያትሽን ንገሪን እንጂ» አለኝ ሐኪሙ።

«ሽሮፑን አፉ ውስጥ ይዞ ይወጣል። በዓይኔ አይቻለሁ።» ዓይኔን በጨው አጥቤ ዋሸሁ።

ሐኪሙ ወደ ሰውዬው ዞረ። «እውነት ነው?»

«እሷ ካለች ይሁን» አለና ቀና ብሎ አየኝ። «ቁርጥ ወንድምሽን ነሽ። የመጀመሪያ ቀን ነው ያወቅኩሽ። ድምፆቹ ‹አትጠጣ፣ መርዝ አድርጋበታለች› ይሉኛል። እኔም ሳታደርግበት አትቀርም እላለሁ። ግን እጠጣዋለሁ። ብታደርጊውም አልፈርድብሽም።»

የሥነ ልቦና ባለሙያዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«ታውቂዋለሽ?» አለኝ ሐኪሙ።

«አዎ። የዋሸሁትም እኔ ነኝ። አንድ ጠብታ አስቀርቶ አያውቅም።»

ሐኪሙ እንድወጣ በሩን አሳየኝ። እኔ ከቡድኑ ስለወጣሁ ከእንግዲህ አራት እጅ ይበቃዋል፤ ይሄዳል። በሰውዬው አጠገብ ሳልፍ ይቅርታ ይጠይቀኛል ብዬ ጠበቅኩ። ሞቼ እገኛለሁ እንጂ ይቅር አልልህም ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። እሱ ግን አልጠየቀኝም፤ እግሩን ሰብሰብ አድርጎ አሳለፈኝ።