በሀዲያ ስም

ሙኒር ብሎጉን ሲጀምር ክፉ ነገር አላሰበም። አብነት ሰፈር፣ ከጎማ ጠጋኞቹ ጀርባ፣ ጠባብ ኢንተርኔት ቤት ነበረችው። ጥቂት ያረጁ ኮምፒውተሮችና በስስ ጣውላ የተከለለች አንዲት የስልክ መደወያ ክፍል፣ ያ ነው ንብረቱ። ልጆቻቸውን አረብ አገር የላኩ እናቶች እዚያች ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ሲያወሩ ድምፃቸው ጣውላውን አልፎ ይመጣል። ሙኒር መስማት ባይፈልግም ይሰማል። «በልተሻል?» «ያችው ሴትዮ ጋ ነሽ አሁንም?» «ድምፅሽ ምን ሆኖ ነው?» ጊዜው ሁለት ሺህ ሦስት ዓመተ ምሕረት ነው፤ ከልደታ እስከ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር፣ ሴት ልጅ አረብ አገር ያልሄደችበት ግቢ ማግኘት ይከብድ ነበር። የሚመለሱ ነበሩ፤ ድምፃቸው የሚጠፋም ነበሩ።

ስለ እነሱ መጻፍ ጀመረ። ብሎጉን «ደህና ነሽ?» አለው። አሳምሮ ይጽፍ ነበር፤ ይህንንም ያውቀዋል። ግን ከስር ቃል የሚጥል ሰው አልተገኘም። ጠዋት ሱቁን ከፍቶ ወለሉን ሳይጠርግ በፊት የሚያየው እሱን ነበር፤ ከጽሑፎቹ ግርጌ የአስተያየቱ ቁጥር ሁልጊዜ ያችው ዜሮ። እየዋለ ሲያድር አንጀቱን ትበላው ጀመር።

ፍሰሐ የሚባል አብሮት የተማረ ጓደኛ ነበረው። ስለ ኳስ የሚጽፍበት ብሎግ ያለው፣ ከስሩም ደጋፊው ሲሰዳደብ የሚውልበት፣ ነገር የገባው አራዳ ልጅ ነው። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ሻይ ይዞ ገባና የሙኒርን ጽሑፎች ከላይ እስከ ታች አያቸው።

«አንተ የምትጽፈው ስብከት ነው» አለው። «ሰው አንብቦ አሜን ብሎ ይሄዳል። አፉን እንዲከፍት አታደርገውም።»

«ምን ላድርግ ታዲያ?»

«መጨረሻው ላይ ጠይቅ። ‹እናንተስ ምን ትላላችሁ?› አይደለም፤ እሱ የአስተማሪ ጥያቄ ነው። ‹እህታችሁ ለመጨረሻ ጊዜ የደወለችው መቼ ነው?› በላቸው። ይህን የሰማ ዝም አይልም። ኮሜንት የጻፈውን ደግሞ በስሙ ጠርተህ መልስለት።»

«እሺ፣ የመጀመሪያው ሰው ከየት ይመጣል?»

ፍሰሐ ሳቀ። «ጀለሴ፣ ባዶ ምግብ ቤት ገብቶ የሚቀመጥ ሰው አይተህ ታውቃለህ? የመጀመሪያዎቹን የምትጽፋቸው ራስህ ነህ። የእኔ ደጋፊዎች እነማን መሰሉህ? ግማሾቹ እኔው ነኝ።»

ሙኒር ያን ቀን አልጻፈም። ነገሩ አልጣመውም። በሳምንቱ ግን አንድ ረጅም ጽሑፍ አወጣና ከስሩ በደሴ ልጅ ስም ሁለት መስመር ጻፈ። በአንዲት አክስት ስም ደግሞ ምስጋና ጨመረ። ሌላ የጻፈ አልመጣም። ያን ጊዜ ነው፣ እልህ ይዞት፣ ሦስተኛዋን የጻፋት።

«ሀዲያ እባላለሁ። ያለሁት ቤሩት ነው። ስልኬን ማዳም ወስዳብኛለች፤ ይቺን የምጽፈው የልጆቹ ኮምፒውተር ክፍት ሆኖ ስላገኘሁ ነው። ቤቱ ፎቅ ነው። ወደ ታች ማየት ስለምፈራ መስኮት የምጠርገው ዓይኔን ጨፍኜ ነው። እናቴን የምታውቁ ካላችሁ ደህና ነች በሉልኝ።»

ከቀትር በኋላ ሲያየው ከስሩ ሰው ተደርድሯል። ያለቀሰ አለ። የየትኛው ሰፈር ልጅ እንደሆነች የሚጠይቅ አለ። «አይዞሽ የእኔ እህት፣ አሠሪሽን ስሟን ጻፊልን» የሚል አለ። ሙኒር እያንዳንዱን በስሙ እየጠራ መለሰ። ደስ አለው፤ ደስታው ደግሞ እውነተኛ ነበር። ለራሱም አለ፦ እዚያ አገር አንዲት ልጅ ዓይኗን ጨፍና መስኮት እየጠረገች መሆኗ አይቀርም፤ ነገሩ እውነት ነው፣ ስሙ ብቻ ነው የእኔ። ጽሑፉ ከእጅ ወደ እጅ ሄደ። ትምህርት ቤት ተወራ፣ ታክሲ ውስጥ ተወራ።

ብዙም ሳይቆይ ወይዘሮ ኡሙልኸይር መጡ።

ሙኒር ያውቃቸዋል። ጠመንጃ ያዥ ውስጥ ፍራሽና ትራስ እየሰፉ የሚኖሩ የወሎ ሰው ናቸው፤ ሻርፓቸው ላይ ጥጥ አይጠፋም። ከዓመት በፊት በስልክ ክፍሏ ውስጥ ገብተው ከአንድ ልጃቸው ጋር ያወሩ ነበር። በኋላ ስልኩ አልነሳ አለ። ከዚያም መምጣት ተዉ። አሁን በሩን ሲገቡ እያለከለኩ ነበር።

«ሙኒር ልጄ፣ ሀዲያ ጽፋለች አሉኝ። የጎረቤቴ ልጅ ሰምታ መጥታ ነገረችኝ። እስቲ አንብብልኝ።»

ሙኒር የልጅቷ ስም ሀዲያ መሆኑን ያን ጊዜ አስታወሰ። ወይም ያን ጊዜ ያስታወሰ መሰለው። ወንበር ሰጣቸውና አነበበላቸው። ዓይኔን ጨፍኜ የሚለው ላይ ሲደርስ ሴትየዋ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ።

«እሷ ናት። ከቆጥ ላይ ጥጥ አውርጂልኝ ስላት መሰላሉን ዓይኗን ጨፍና ነበር የምትወጣው። አልሀምዱሊላህ። እሷ ናት።»

ከራሱ ነበር ያመጣው ወይስ እዚያች ክፍል ውስጥ ሲያወሩ ሰምቶት ኖሯል? ቢያስብ ቢያስብ ሊለየው አልቻለም። እውነቱን የሚናገርበት ሰዓት ያ ነበር። ግን ስልክ ልትደውል የመጣች ሴት ወይዘሮ ኡሙልኸይርን አቅፋ ታለቅሳለች፣ እሳቸውም ያለቅሳሉ፣ ደግሞ ይስቃሉ።

«መልስ ጻፍልኝ» አሉት። «እኔ ደህና ነኝ በላት። መስኮቱን ተዪው፣ ብትቆጣም ትቆጣ፣ አትጥረጊ በላት። ደግመሽ ጻፊልኝ በላት።»

ጻፈ።

ከዚያ በኋላ ከአስር ሰላት መልስ ብቅ ማለት ልማዳቸው ሆነ። በሩ ላይ ቆመው «ጻፈች?» ይላሉ። «አልጻፈችም እትዬ» ይላቸዋል። ቀን በቀን ፊታቸው እየጠወለገ ሄደ። አንድ ቀን ደረጃው ላይ ተቀመጡና መነሳት አቃታቸው፤ ለካ እህል አልቀመሱም። ሙኒር ደግፎ እቤታቸው አደረሳቸውና ተመልሶ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠ። የሚያደርገው ነገር ምሕረት መሰለው።

«እማ፣ ያልሽኝን አንብቤያለሁ። ደህና ነኝ። ስችል እጽፋለሁ፤ ብዘገይም አታልቅሺ፣ ብዪ።»

ወይዘሮ ኡሙልኸይር ይቺን በቃላቸው ያዟት። እየሰፉ ይደግሟት ነበር ይባላል። በሉ ጠጡ። በብሎጉ ላይ እናትና ልጅ ተገናኙ ተብሎ አስተያየቱ ከበፊቱ እጥፍ ሆነ፤ ፍሰሐም የሙኒርን ትከሻ መታ መታ አድርጎ «አላልኩህም?» አለው።

ታኅሣሥ ውስጥ አንድ ረፋድ ላይ ሀጂ ሁመድ ወደ ሱቁ መጡ። የሰፈሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ኮምፒውተር ያለበት ቤት ገብተው አያውቁም። ዱላቸውን ግድግዳ አስደግፈው ተቀመጡ።

«ዛሬ ጎህ ሲቀድ ኡሙልኸይር ቤት ለመርዶ ሄደን ነበር» አሉ። «ከቤሩት የተመለሰች ሀሚዳ የምትባል ልጅ አለች። ሀዲያ ከመስኮት ወድቃ ሞተች ነው የምትለው። ሬሳዋ ሆስፒታል ነው ያለው። ቤተሰብ ከፈረመ ይልኩታል፣ ካልፈረመ እዚያው ይቀብሩታል አለች። ኡሙልኸይር ግን በር ላይ ቆማ መለሰችን። ልጄ ጽፋልኛለች፣ የሞተ ሰው አይጽፍም፣ ሌላ ቤት ሂዱ አለች።» ወደ ሙኒር ዞሩ። «አንተ ታውቃለህ አሉኝ። እውነት ነው? ትጽፋለች?»

ሙኒር ጣቶቹን እያየ ነበር። «ይጻፋል ሀጂ። የሚጽፈው ማን እንደሆነ ግን በዚህ ማወቅ አይቻልም።»

«እንግዲያው ሀሚዳ ተሳስታ ሊሆን ይችላል።»

ሙኒር ከፊቱ ያለውን ኪቦርድ አቧራ ጠረገ።

«በሕይወት ላለች ልጅ መርዶ መንገር ደግሞ ከባድ ነው» አሉ ሽማግሌው ሲነሱ። «ጥቂት እንጠብቅ።»

ጠበቁ። ሙኒር ሱቁን እየዘጋ እቤቱ መተኛት አበዛ። እናቱ ወባ ነው ወይ አሉት። ስቅጥጥ የሚያደርገው ሀጂ ስለ ሬሳው ያሉት ነገር ነበር፤ አንዲት የማያውቃት ልጅ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ተኝታ፣ እሱ በስሟ የጻፈው እዚህ በሕይወት አለች እያሰኛት። መናገር እንዳለበት ያውቃል። ነገ ይላል። ነገ ሲመጣ ደግሞ ሌላ ነገ አለ።

በመጨረሻ ሀሚዳ ራሷ መጣች። ቀጭን ናት፤ ስታወራ ድምፅዋን ከፍ አታደርግም።

«አንተ ነህ ሙኒር? አሳየኝ።»

አሳያት። ሁለቱንም አነበበችና ሁለተኛዋ ላይ ጣቷን አሳረፈች።

«ይህ የተጻፈው ከአረፋ በኋላ ነው። ሀዲያ የወደቀችው ከአረፋ በፊት ነው። ከጎረቤት ሕንፃ ሮጬ ወርጄ በሻርፔ የሸፈንኳት እኔ ነኝ።» ቀና ብላ አየችው። «ማን ነው የጻፈው?»

«እኔ ነኝ።»

«ለምን?»

«ሰው ኮሜንት እንዲሰጥ ብዬ።»

ሀሚዳ ትኩር ብላ አየችው። «ሰጡህ?» አለችው። ከዚያ ተነሳች። «እኔ እናቷ ቤት ሁለት ጊዜ ሄጄ በር ዘግተውብኛል። ሬሳ ማቆያው ቀን አለው፣ ሊያልቅ ነው። ዛሬ ሂድና ንገራቸው።»

ሄደ። ወይዘሮ ኡሙልኸይር በራቸው ላይ ቁጭ ብለው ትራስ ይሰፉ ነበር። ገና ሳይደርስ ነው የጠየቁት።

«ጻፈች?»

«እትዬ ኡሙልኸይር፣ ሀዲያ አልጻፈችም። የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

መርፌው አልቆመም። «የቱን?»

«ሁለቱንም።»

«‹እማ› ያለችውን?»

«እሱንም።»

ክሩ እስኪያልቅ ሰፉ። ክሩ ሲያልቅ ቋጠሩት፣ በጥርሳቸው በጠሱት፣ ትራሱን ከጎናቸው አስቀመጡት።

«እማ የምትለኝ እሷ ብቻ ናት። ከየት አመጣኸው?»

«ከስልክ ክፍሏ ሆነው ሲያወሩ ሰምቼ ነው መሰለኝ።»

«ከእኛው ሰርቀህ ነው በለኛ።»

ሙኒር መሬት መሬቱን አየ። እግራቸው ላይ ሊወድቅ ጎንበስ ሲል በእጃቸው ከለከሉት።

«ተው። ሂድና ሀጂ ሁመድን ጥራልኝ። ሰዎቹን ይዘው ይምጡና እንደ ወጉ ይንገሩኝ። የልጄን ሞት ከአንተ አፍ አልሰማም።»

ሽማግሌዎቹ በቀትር መጡ። መርዶ በዚያ ሰዓት አይነገርም፤ ግን ሄዱ። ወይዘሮ ኡሙልኸይር ሻርፓቸውን አስተካክለው፣ በሩን ከፍተው ተቀምጠው ጠበቋቸው። ሙኒር ከቅያሱ አፍ አላለፈም። የሰፈሩ አናጢዎች መጋዛቸውን አቁመው ወደ ቤቱ ሲያዩ አየ። ከዚያ ጩኸቱን ሰማ።

ወይዘሮ ኡሙልኸይር በማግስቱ ከወንድማቸው ጋር ሄደው ፈረሙ። ከሳምንት በኋላ የመጣው መልስ ዘግይታችኋል የሚል ነበር፤ ቀኑ አልፎ ልጅቷ እዚያው ጠያቂ ከሌላቸው ጋር ተቀብራለች፤ የትኛው መቃብር እንደሆነ የሚያሳይ ሰው አልተገኘም። ሰፈሩ ሬሳ በሌለበት የሚሰገደውን ሰላት ሰገደ። ሙኒር መጨረሻው ረድፍ ላይ ቆመ፤ ከጎኑ የነበረው ሰው ፈቀቅ አለ። ለቅሶው ቤት አግዳሚ ወንበር ተሸክሞ ሲገባ ሴቶቹ ዝም አሉ። የሀዲያ አጎት ሊያስወጣው ተነሳ።

«ተወው» አሉ ወይዘሮ ኡሙልኸይር። «ወንበሩን ያስገባ።» ከዚያ ወዲህ አንድም ቃል ተናግረውት አያውቁም።

ፍሰሐ ጉዳዩን ሲሰማ ክው አለ። ብዙ ካሰበ በኋላ «አጥፋው» አለው፤ «ብሎጉን ከነስሙ አጥፋውና ይረሳል።» ሙኒር አላጠፋውም። አንድ የመጨረሻ ጽሑፍ ጻፈ፤ አጭር ናት። ሀዲያ መሞቷን፣ በስሟ የተጻፈውን ሁሉ የጻፈው እሱ መሆኑን፣ በዚህም ምክንያት እናትየዋ ሬሳዋን ሳያገኙ መቅረታቸውን ተናገረ። መጨረሻው ላይ ምንም አልጠየቀም።

እርግማኑ ሲዘንብ ዋለ። ያንን ጠብቆት ነበር። ያልጠበቀው ከኮምቦልቻ የመጣችውን መልእክት ነው።

«እኔ ወርቅአፈራሁ እባላለሁ። ልጄ ሀዲያ ቤሩት ከሄደች ሁለት ዓመት ሆናት። ድምፅዋ ከጠፋ ቆየ። ያቺን የመስኮቷን ነገር አንብበን እሷ ናት ብለን እስካሁን ደስ ብሎን ነበር። ሞተች ያልካት የማን ናት? የእኔስ ልጅ የት ናት?»

ሙኒር ስልካቸውን ጠይቆ ደወለላቸው፤ የሞተችው የእሳቸው እንዳልሆነች፣ በሕይወት አለች ያላትም የእሳቸው እንዳልሆነች ነገራቸው። አባትየው ሁለቱን ነገር ለማዛመድ ጊዜ ወሰደባቸው። ሙኒር ፎቶዋን አስልኮ ለሀሚዳ አሳያት። ሀሚዳም ለእሱ ብላ ሳይሆን ለልጅቷ ብላ ቤሩት ላሉ ጓደኞቿ ላከችው። ያወቃት አልተገኘም።

አቶ ወርቅአፈራሁ ዓርብ ዓርብ ይደውላሉ። ሙኒር ያነሳል።

«ምንም የለም?» ይላሉ።

«እስካሁን የለም» ይላል ሙኒር።