መጨረሻውን መናገር ክልክል ነው

የመርሳ አንባቢ ሁለት ዓይነት ነው፤ ያነበበ አለ፣ አንብቤያለሁ የሚል አለ። ሁለተኛው በቁጥርም በድምፅም ይበልጣል። ሁለቱም ግን ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ከዓሪፍ ቤት አይቀሩም ነበር። ዓሪፍ መጽሐፍ የሚያከራይ ሰው ነው። ቤቱ ከመናኸሪያው ጀርባ ያለች አንዲት ክፍል ናት፤ ከወለል እስከ ጣሪያ መጽሐፍ፣ ለሰው የተረፈችው ደግሞ አራት ሰው ጉልበት ለጉልበት ተጋጥሞ የሚቀመጥባት ቦታ ብቻ። ግድግዳው ላይ በቀይ ቀለም አንዲት ሕግ ተጽፋለች፤ «መጨረሻውን መናገር ክልክል ነው።»

ሕጓ ያለ ምክንያት አልወጣችም። ሁሪያ የምትባል ልብስ ሰፊ አንድ ልብ ወለድ ፈልጋ ሁለት ወር ወረፋ ጠበቀች። መጽሐፉን ታቅፋ ስትወጣ የታሪክ አስተማሪው ጀብሪል በር ላይ አገኛትና «እሱን ነው? ልጅቷ እኮ ትሞታለች» ብሏት አለፈ። ሁሪያ እጇ ፈጣን፣ ምላሷ ዝግ ያለ ሴት ናት። በዚያው ሳምንት የጀብሪልን አዲስ ሱሪ አንዱን እግር በሁለት ጣት አሳጥራ ሰፋችው። ዓሪፍ ቀዩን ቀለም የገዛው ከዚያ በኋላ ነው።

ደንቡ ቀላል ነበር። ሰው ሁሉ በተራው ሰሞኑን ያነበበውንና የወደደውን መጽሐፍ ይናገራል፤ የሰሚውን ምራቅ አስውጦ አስውጦ፣ መጨረሻው ጋ ሲደርስ ዝም ይላል። መጽሐፉን የፈለገ «ተራው የእኔ ነው» ይላል። ዓሪፍም የመጽሐፉን ስም በመዝገቡ ጽፎ የሰውየውን ስም ከሥሩ ያሰፍራል። አራተኛዋን ቦታ የሚይዙት ጋሽ ደሳለኝ ነበሩ። ዕድሜያቸውን በሙሉ ፖስታ ቤት ተቀምጠው የሰው ደብዳቤ ሳይከፍቱ ሲያድሉ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ የልባቸው እስኪደርስ መክፈት የጀመሩት መጽሐፍ ነው።

በሁለት ሺህ አሥራ ሦስት ዓመተ ምህረት፣ በነሐሴ፣ መጀመሪያ ከወልድያ በኩል ድምፅ ተሰማ። ቀጥሎ ጦርነቱ ራሱ መርሳ ገባ። መብራት ጠፋ፤ ስልክ የልጅ መጫወቻ ሆነ። ዓሪፍ አስቀድሞ መጽሐፎቹን በማዳበሪያ ከረጢት ሞልቶ፣ በአህያ ጭኖ፣ በሲሪንቃ መንገድ ካለው የአማቱ ግቢ ባዶ የእህል ጉድጓድ ውስጥ ቀበራቸው። መዝገቡንም አብሮ ቀበረው። የጋሽ ደሳለኝ አንድ ልጅ አማኑኤልም ከመንገዱ መዘጋት በፊት ወደ ደሴ ወጣ። ሂድ ያሉት አባቱ ናቸው። አልሄድም እያለ ሲያንገራግር፣ አንተ ወጣት ነህ፣ እኔን ሽማግሌውን ማን ይነካኛል ብለው በግድ አስወጡት።

ከዚያ ወዲያ ዓርብ የሚውለው በጋሽ ደሳለኝ ግቢ፣ ከማንጎው ሥር ሆነ። በእጅ አንድ ገጽ የለም፤ የሚነገረው ከትዝታ ነው። የነበረው ሁሉ ቆሞ ስለነበር ከሰዓት በኋላው አያልቅም። መኪና የለም፣ ባጃጅ የለም፣ ሬዲዮ የለም። የሰው ድምፅ ከቅጠሉ ድምፅ ጋር እየተቀላቀለ ይወርዳል፤ አንዳንዴም ሁሪያ የሰማችው ከጀብሪል አፍ ይሁን ከማንጎው ትጠራጠር ነበር። ሩቅ ተኩስ ሲሰማ ተናጋሪው ያቆማል። ሲያልፍ ካቆመበት ይቀጥላል። ያን ጊዜ የተተረኩ መጻሕፍት በእውነት ከተጻፉት ይልቅ ያምሩ እንደነበር የሚምሉ አሉ፤ እኔም አልክድም።

ጋሽ ደሳለኝ ግን በራሳቸው ግቢ እንግዳ ሆኑ። ወንበራቸውን ወደ በሩ አዙረው፣ ጀርባቸውን ለተረቱ ሰጥተው ይቀመጣሉ። በጥቅምት መጨረሻ ደሴም ተያዘች የሚል ወሬ ሲደርስ ደግሞ እህል ከአፋቸው ቀረ። ጎረቤት ያመጣላቸው ምግብ እንደቀረበ ይመለሳል። እንዲህ ከቀጠሉ ኅዳርን አይጨርሱም እየተባለ በሹክሹክታ ሲወራ ሁሪያ ሰማች።

በዚያው ዓርብ ተራው የእሷ ነበር። የምታውቀውን ሁሉ ተናግራ ጨርሳለች። የሽማግሌውን ጀርባ አየች፤ የጃኬታቸው ስፌት ትከሻቸው ላይ ላልቶ ተንጠልጥሏል። እሷ ራሷ የሰፋችው ጃኬት ነው፤ ልኩን ታውቀዋለች፤ ስንት ጣት እንደከሱ በዓይኗ ለካች። አፏ ከልቧ ቀደመ።

«ሰባተኛው መሻገሪያ ይባላል» አለች። «አንድ ሰው ከሩቅ አገር ወደ ቤቱ ይመለሳል። በእሱና በቤቱ መካከል ሰባት ወንዝ አለ። እያንዳንዱ ወንዝ አንድ ነገር ካልሰጡት አያሻግርም።»

ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። እንዲህ ያለ መጽሐፍ በዓለም ላይ አልነበረም። እሷ ግን ቀጠለች። የመጀመሪያው ወንዝ ጫማውን ወሰደበት። ሁለተኛው ለቤት ሰው የያዘውን ስጦታ ወሰደበት። ሦስተኛው ጋ ሲደርስ እጁ ባዶ ስለነበር፣ ወንዙ መንገዱን ሁሉ ሲያንጎራጉረው የመጣውን ዜማ ጠየቀው። እዚህ ላይ ሁሪያ ዝም አለች፤ የሚቀጥለውን አታውቅም ነበርና።

ወንበሩ ሲንቀሳቀስ ተሰማ። ጋሽ ደሳለኝ ዞረዋል።

«ጫማውን ከወሰደበት በምን እግሩ ሄደ?» አሉ።

ሁሪያ አንዲት ሴት ከጋቢዋ ቀድዳ እግሩን ጠቀለለችለት ብላ መለሰች። ሽማግሌው ጥቂት አስበው፣ ጋቢ ጥሩ ነው፣ ቶሎ ይደርቃል አሉ። ፊታቸው የነበረችውንም የማሽላ እሸት አንስተው ሳያስተውሉ መፈልፈል ጀመሩ።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ መልካም ነበር። ጀብሪል ግን አላነበብኩም ማለት ገበያ መካከል ሱሪ ከመውለቅ የሚብስበት ሰው ነው። ይሄን መጽሐፍማ ደሴ ተማሪ ሳለሁ ነው ያነበብኩት፣ ዋናው ቁም ነገር ያለው አራተኛው ወንዝ ላይ፣ የሰውየውን እንቅልፍ የሚወስድበት ጋ ነው አለ። ሁሪያ ደንግጣ ዓይኑን አየችው፤ አላፈረም። ዓሪፍም በመጽሐፍ ጉዳይ ከኋላ መቅረት ስለማይወድ፣ እኔ ቤት ነበረ እኮ፣ ሰማያዊ ሽፋን አለው፣ አራተኛው የወሰደበት ግን ጥላውን ነው ብሎ ገባ። ጥላውን የወሰደው አምስተኛው ነው፣ አይደለም በሚል ሁለቱ እስከ ዐስር ሰዓት ተከራከሩ። መጽሐፉ በዚያ ከሰዓት በኋላ ተወለደ። እናቱ ሁሪያ መሆኗን የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች።

ጋሽ ደሳለኝ እጃቸውን አነሱ።

«ተራው የእኔ ነው» አሉ። «ጻፍ፣ ዓሪፍ።»

ዓሪፍ መዝገቡ ጉድጓድ ውስጥ እንደሆነ አስታወሳቸው። እንግዲያው እስኪወጣ እጠብቃለሁ አሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በሉ። ትንሽ ትንሽ፣ ግን በሉ።

ሁሪያን ያ ሰውዬ አለቀቃትም። መኪናዋን እየረገጠች ስትሰፋ፣ ከጨርቁ እጥፋት ሥር ወንዝ ሲያልፍ ታያለች፤ ሰውየው ያለ ጫማ፣ ያለ ጥላ ዳር ላይ ቆሞ ይጠብቃታል። ቀጥሎ ወዴት ልሂድ የሚላት ይመስላታል። አንዳንዴ ፊቱ የአማኑኤልን ይሆንና መርፌው ጣቷን ይወጋታል። መጽሐፉ የታለ ያሉኝ ቀን ምን እላለሁ ስትል በፍርሃት ትሰምጣለች። እኒህ ሰው ነፍሳቸውን በአንድ ክር አንጠልጥለዋል፤ ክሩን ያቀበለቻቸው እሷ ናት፤ ጫፉ ደግሞ ከምንም ጋር አልታሰረም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ሁሪያ ግን ንጋቱ ትንሽ ቢቆይ አትጠላም ነበር።

በታኅሣሥ መርሳን የያዘው ጦር ለቆ ወጣ፤ መንገዱም ተከፈተ። ሰው ሁሉ ዘመዱን ፍለጋ ሲሯሯጥ፣ ጋሽ ደሳለኝ በር በሩን እያዩ የልጃቸውን መምጣት ይጠብቁ ጀመር። ሲመጣ እንዳነብለት ብለውም ዓሪፍን ጉድጓዱን ክፈት እያሉ ወተወቱት። አራቱም አብረው ሄዱ። ጉድጓዱ ሲከፈት የበሰበሰ ድርቆሽ ሽታ ወጣ። የክረምቱ ውሃ ገብቶ ኖሯል። መጽሐፎቹ አብጠው፣ እርስ በርሳቸው ተጣብቀው ነበር፤ የቀረውንም ምስጥ በልቶታል። ከሦስት መቶው መጽሐፍ ሃያ የማይሞሉ ብቻ ተረፉ። ዓሪፍ ከጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጦ እንደ ልጅ አለቀሰ።

ጋሽ ደሳለኝ ተንበርክከው እያንዳንዱን ሽፋን በመዳፋቸው ይጠርጉ ነበር። ሰማያዊ ነው ብለኸኛል አሉት ዓሪፍን። ዓሪፍ ጀብሪልን አየ፤ ጀብሪል መሬቱን አየ። ሁሪያ «በስብሶ ይሆናል» የሚለው ቃል ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጠችው። እውነቱንም ግን አልተናገረችም።

በማግሥቱ ዓለምነህ የሚባል ወጣት ከደቡብ በኩል በእግሩ መጣ። የጋሽ ደሳለኝን ቤት ጠይቆ ገባ፤ ገና አፉን ሳይከፍት ሽማግሌው እግሩን አዩ። ያጠለቀው የአማኑኤልን ጫማ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። አማኑኤል ደሴ ስትያዝ አባቴ ብቻውን ነው ብሎ፣ በአምባሰል ተራሮች አሳብሮ ወደ መርሳ መመለስ ጀመረ። ከዓለምነህ ጋር መንገድ ላይ ተገናኙ። የዓለምነህ ጫማ ተበጣጥሶ እግሩ ሲደማ፣ አማኑኤል የራሱን አውልቆ ሰጠው። አራት ቀን አብረው ሄዱ። በአምስተኛው ቀን አንድ ሸንተረር ሲያቋርጡ ተኩስ መሐል ገቡና አማኑኤል እዚያው ቀረ። የአገሩ ሰዎች በቤተ ክርስቲያናቸው አጥር ግቢ በክብር ቀበሩት፤ ዓለምነህንም መንገዱ እስኪከፈት አስጠለሉት።

ሁሪያ ሦስት ቀን ሐዘን ቤቱ ውስጥ ውሃ ስትቀዳ፣ ዕቃ ስታጥብ ሰነበተች። ቀና ብላ ሽማግሌውን ማየት አልቻለችም። እኔ ነኝ ተስፋ ያበላኋቸው፣ አሁን የሚያማቸው የእኔም ውሸት ነው እያለች ራሷን በላች። ሰው በቀነሰበት ሰዓት አጠገባቸው ቁጭ አለች።

«ጋሽ ደሳለኝ፣ አላህ ያጽናዎ። መጽሐፉ የለም። እኔ ነኝ የፈጠርኩት። አንቱ እንዲበሉ ብዬ ነው፤ አውፍ ይበሉኝ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

ሽማግሌው፣ ጀብሪል አንብቤዋለሁ ብሎ አልነበር እንዴ ብለው ጠየቋት። ብሏል አለች። ዓሪፍስ ሽፋኑን ነግሮኝ የለም አሉ። ነግሮዎታል አለች። በደረታቸው ውስጥ ሳቅ የመሰለ ነገር ተነሳና መሐል መንገድ ላይ ለቅሶ ሆነ። ሁሪያም አለቀሰች። ይቅር ብያለሁም አላሉም፣ አልልምም አላሉም። ይቅር መባሏን ሳታውቅ ወደ ቤቷ ሄደች።

አርባው ከወጣ በኋላ ዓሪፍ ቤቱን ከፈተ። መደርደሪያዎቹ ለማገዶ ሄደዋል፤ የቀይ ቀለሟ ሕግ ግን ግድግዳዋ ላይ ነበረች። የተረፉትን መጽሐፎች በአንድ ሣጥን ደረደራቸው። ዓርብ ከሰዓት ጋሽ ደሳለኝ መጡ። ማንም አልጠበቃቸውም ነበር። ቦታቸው ላይ ተቀመጡ። ጀብሪል አንድ መጽሐፍ ተናገረና፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ግማሹን ብቻ ነው ያነበብኩት አለ። ተራው ሽማግሌው ጋ ሲደርስ ዓሪፍ ሊያልፋቸው ፈልጎ ነበር።

«እኔ ያነበብኩት» አሉ፣ «ሰባተኛው መሻገሪያን ነው።»

ጋሽ ደሳለኝ ወደ ሁሪያ አላዩም። ሁሪያ ጫማውን ወንዙ ወሰደው ብላችኋለች፣ ግን አንድ ነገር ዘላለች አሉ። ወንዙ አይደለም የወሰደው። አብሮት የሚሄድ እግሩ የደማ መንገደኛ ነበረ፤ አውልቆ የሰጠው ለእሱ ነው። ጋቢዋን የቀደደችው ሴት ግን በእውነት ነበረች። ከዚያ ስለ ዜማው፣ ስለ እንቅልፉ፣ ስለ ጥላው ተናገሩ፤ ጀብሪልንም ዓሪፍንም ሳያሳፍሩ ሁለቱም ያሉትን በየቦታው አስገቡት። ድምፃቸው ዝግ ያለ፣ ሩቅ ያለውን እያየ የሚናገር ሰው ዓይነት ነበር። ስድስተኛው ወንዝ የአባቱን መልክ እንዲሰጠው ጠየቀው። ሰውየው ይህንን ግን አልሰጥም አለ። ወንዙ አፍሮ አሳለፈው። ከስድስተኛው ማዶ ቆሞ ሲያይ፣ ሰባተኛው ወንዝ ከበታቹ፣ ከወንዙ ባሻገር የማንጎው ዛፍ፣ ከዛፉ ሥር ወደ በሩ የዞረ ወንበር ታየው። እዚያ ላይ አቆሙ።

ጀብሪል ዓይኑን በክንዱ ጠረገ።

«ጋሼ፣ ዛሬስ ሕጉ ይነሳና ይንገሩን። ገባ?»

ጋሽ ደሳለኝ ቀና ብለው ግድግዳውን አዩ።

«ክልክል ነው» አሉ።

ሁሪያ እጇን አነሳች። «ተራው የእኔ ነው» አለች። ሽማግሌው ያን ጊዜ አዩዋት፤ ራሳቸውንም በቀስታ ነቀነቁላት። ዓሪፍ አዲሱን መዝገብ ገልጦ፣ በመጀመሪያው መስመር የመጽሐፉን ስም ጻፈ፤ ከሥሩም ሁሪያ ብሎ አሰፈረ። መዝገቡን ሊዘጋ ሲል ጀብሪል እጁን ያዘው።

«እኔንም ጻፈኝ» አለ። «አላነበብኩትም።»