መንታዎቹን ማን ሠራቸው

ሰብለወንጌል ሪፖርቱን ጽፋ ጨርሳለች፤ የቀረው ፊርማዋ ነው። ኒደርራድ በሚባለው ሰፈር፣ ሊዮነር ሽትራሰ ጎዳና ላይ ባለው የብረታ ብረት መመርመሪያ ከተቀጠረች ሁለት ዓመቷ ነው። በራሷ ስም የሚወጣ ሪፖርት ሲኖራት ግን ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

ጉዳዩ አጭር ነው። መሀል ከተማው፣ ኢነንሽታት፣ አንድ የገበያ ማዕከል ውስጥ የወለል ማጠቢያ ማሽን ብሩሹን የሚሸከመው የማግኒዥየም መያዣ ተሰበረ። የጽዳት ድርጅቱ ማሽኑን ትነዳ የነበረችውን ሁስኒያን መትተሽ ሰብረሽዋል አላት። እሷም አልመታሁም ብላ በጽሑፍ መለሰች። ሪፖርቱ የሰበረው ምት ነው ካለ፣ ሐሙስ ከሥራዋ ትሰናበታለች።

በማይክሮስኮፕ የሚታየው ለሰብለወንጌል ግልጽ መስሏት ነበር። ማግኒዥየም ሲመታ ወይም ሲጨመቅ እንደ ሌሎች ብረቶች በቀላሉ አይለመጥም። ብረቱ ከተገነባባቸው ጥቃቅን ቅንጣቶች የአንዱ ከፊል ባንዴ ይገለበጥና ለቀሪው ክፍል የመስታወት ምስል ይሆናል። የሙያው ሰዎች መንታ ይሉታል። መንታው ጫናውን ተጋርቶ ስንጥቅን የሚያዘገይበት ጊዜ አለ፤ ከቅንጣቱ ድንበር ጋር በተላተመበት ቦታ ስንጥቅ የሚከፍትበትም ጊዜ አለ። ሰብለወንጌል ከተሰበረው መያዣ ያወጣችው ናሙና ዳር እስከ ዳር በመንታ ተሞልቷል። ስለዚህ “ብርቱ ምት” ብላ ጻፈች።

ቀኑ ረቡዕ ነበር። ጋሽ እንዳሻው ረቡዕ ረቡዕ ከሚኖሩበት ሰፈር ከጻይልስሃይም ይመጣሉ። ጡረታ ከወጡ ሰባት ዓመት አልፏቸዋል፤ ነገር ግን የድሮ ናሙናዎችን መደርደሪያ የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ስለሆኑ ማንም አትምጡ አላላቸውም።

“ጋሼ፣ ከመፈረሜ በፊት አንዴ ይዩልኝ።”

መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ጎንበስ አሉ። ብዙ ቆዩ።

“ስንት መንታ ቆጠርሽ?”

“አይቆጠርም። ሞልቶታል።”

“ከስንጥቁ ሁለት ሴንቲሜትር ራቂና አሳይኝ።”

ናሙናውን ገፋችው። እዚያም ሞልቷል።

“ሴትዮዋ እዚህም መታችው?”

ሰብለወንጌል የማይክሮስኮፑን ማስተካከያ ደጋግማ አዞረች።

“ወደዚያኛው ጫፍ ሂጂ። እዚያም? ታታሪ ሴት ናት መቼስ።” ቀና አሉ። “ሞርሳው ላይ ያሰረውና በመጋዝ የቆረጠው ማነው?”

“እኔ ነኝ።”

“እንግዲያው እስካሁን ስታዪ የነበረው የራስሽን እጅ ነው።”

ሰብለወንጌል ጆሮዋ ጋለ። ማግኒዥየም ከመጋዝም መንታ እንደሚያወጣ ተምራለች፤ ለፈተናም ጽፋዋለች። ሆኖም የሞርሳውን እጀታ ጠንካራ ብረት እንደምታስር አድርጋ አጥብቃዋለች። ሪፖርቱን ከጠረጴዛው አንስታ መሳቢያ ውስጥ ከተተችና ወደ ምድር ቤቱ ወረደች።

በዚህ ጊዜ አልቸኮለችም። ናሙናውን ፈሳሽ ሙጫ ውስጥ አስቀምጣ እስኪደርቅ ጠበቀች፤ በጣቷ ብቻ ይዛ በብርጭቆ ወረቀት፣ ቀጥሎም በለስላሳ ጨርቅ ፈገፈገች። አሲድ ቀባች፣ አየች፣ እንደገና ፈገፈገች። በየዙሩ መንታዎቹ ሳሱ። ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ከተነሳ በኋላ የመጋዙ መንታዎች ፈጽመው ጠፉ።

የቀሩት ሁለት ቦታ ብቻ ነበሩ። ጥቂቶቹ በመያዣው ውጫዊ ገጽ ላይ ካለች አንዲት ትንሽ ስርጉድ ሥር ተሰብስበዋል፤ ብዙም ሳይርቁ ያልቃሉ። ሌሎቹ ስንጥቁ በመጨረሻ በሮጠበት መንገድ ግራና ቀኝ ናቸው። ስንጥቁ የጀመረው ግን ከስርጉዷ በተቃራኒ ወገን፣ ብረቱ ቀልጦ ቅርጽ ውስጥ ሲፈስ ከቀረ ባዶ ክፍተት ነው። በክፍተቱ አጠገብ አንድም መንታ የለም። ከዚያ የሚነሳው ስንጥቅ ግድግዳ ጠቁሯል፤ ከተከፈተ ወራት ሆኖታል።

ጋሽ እንዳሻው አይተው ጨረሱ። “አሁን ምን ልትጽፊ ነው?”

“ሁለቱንም። መትታዋለች፤ አልሰበረችውም።”

“በይ ፈርሚ። ፊርማሽ ግን ይነበብ፤ የሐኪም ማዘዣ አይምሰል።”

ሐሙስ በጽዳት ድርጅቱ ቢሮ፣ ሁስኒያም ባለችበት፣ ሰብለወንጌል ሥዕሎቹን በግድግዳው ላይ አሳየች። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር፤ ሰዎቹ ለመስማት ወደ ፊት ዘንበል አሉ። ኃላፊው የስርጉዷን ሥዕል ሲያይ ብዕሩን አነሳ።

“ስለዚህ ዋሽታናለች።”

“የተጠየቅኩት መያዣው ለምን እንደተሰበረ ነው” አለች። “ምቱ ስንጥቁ ዘንድ አልደረሰም። ማንም ባይነካውም ይሰበር ነበር። በሌሎቹ ማሽኖች ላይ ያሉት መያዣዎችም በአንድ ላይ የተሠሩ ከሆኑ ዛሬውኑ ያውርዷቸው።”

ኃላፊው ስንት ማሽን እንዳላቸው ጎኑ ያለውን ሰው ጠየቀ። አሥራ አራት ነበሩ። ከዚያ በኋላ ስለ ስንብት ማንም አላነሳም፤ የስንብት ደብዳቤው መሰረዙን ለሁስኒያ እዚያው ነገሯት።

ሁስኒያ ኮሪደሩ ላይ ደረሰችባት። አርባዎቹን ያጋመሰች፣ የሥራ ልብሷን ያላወለቀች ሴት ናት።

“አንቺ ልጅ፣ ሁላችንም እንመታዋለን እኮ። ብሩሹ ሲጣበቅ በመፍቻ አንዴ ካላሉት አይላቀቅም።”

“አውቃለሁ። እርስዎም አንዴ ነው የመቱት።”

“ስንቴ እንደሆነም ያሳያል?”

“አንዲት ስርጉድ ናት ያለችው።”

“ታዲያ እሷን ብትተዪልኝ ምን ነበረበት? ላቤ ነው እኮ ጠብ ያለው።”

“እሷን ብደብቅ ክፍተቱንም አያምኑኝም ነበር።”

ሁስኒያ አሰበችበት። ሙሉ በሙሉ የተስማማች አትመስልም።

“ነገ የጠዋት ሺፍት አለኝ። በየትኛው ማሽን ልሥራ?”

“መያዣው እስኪቀየር በየትኛውም አይሥሩ።”

“ያን ሁሉ ወለል በመወልወያ?”

“በመወልወያ።”

“ጉድ ነው” አለች ሁስኒያ፤ እየሳቀች የሊፍቱን ቁልፍ ተጫነች።