የሶሲ የቤት ሥራ

የነጠላው ጥለት ከሶሲ ቦርሳ ዚፕ ሥር ሾልኮ ወጥቷል። ባቡሩ የዩኒቨርሲቲ አቬኑን ሱቆች ወደ ኋላ እየጣለ ወደ ሴዳር ሪቨርሳይድ ሰፈር ሲጓዝ፣ የእህተማርያም ዓይን ከዚያ የጥለት ጫፍ ላይ አልተነቀለም። የራሷ ነጠላ ነው።

«ሶስዬ፣ ነጠላዬን ምን ልታደርጊበት ነው?»

«ሰርፕራይዝ ነው፣ ማሚ። ለሆምወርኬ።»

ሶሲ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። በአማርኛ ትጀምርና ግማሽ መንገድ ላይ እንግሊዝኛ ትሳፈራለች።

«ተያት እስቲ!» አሉ በመካከላቸው የተቀመጡት ወይዘሮ ስመኝ፣ የእህተማርያም እናት። «ልጅ በተጫወተች ምን ቆረጠሽ? ይልቅ ስልኬን ዛሬ አሠሪልኝ። ወንድሞችሽ፣ ደረሰም ሐብተማርያምም፣ ድምፄ ሲጠፋባቸው ይጨነቃሉ።»

«ሰኞ አሠራዋለሁ፣ እማዬ» አለች፤ ፈገግም አለች። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ!

ስልኩ ደህና ነው። ካልሲ ውስጥ ተጠቅልሎ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል። ማክሰኞ ዕለት ደረሰ፣ የወይዘሮ ስመኝ የበኩር ልጅ፣ አዲስ አበባ ከመሥሪያ ቤቱ ሲወጣ ደረጃው ላይ ወድቆ በዚያው ቀረ። እናት አልሰሙም። ልባቸው ውስጥ ሁለት የደም ሥር መክፈቻ ስቴንት ለገባላቸው የሰባ አራት ዓመት ሴት መርዶ እንዲሁ አፍ እንዳመጣ አይነገርም፤ ሐኪማቸውም «ድንጋጤ አደራ» ብሏል። ስለዚህ የእድሩ ሽማግሌዎች ነገ፣ እሑድ ጎህ ሲቀድ፣ ቄሱንና አንዲት ነርስ ይዘው ቤት ሊመጡ ተስማምተዋል። እስከዚያ እንደ ወትሮው መሳቅ፣ እንደ ወትሮው መብላት ነው። ለሶሲም አልተነገራትም፤ የልጅ አፍ ምኑ ይታመናል? አሁን የሚሄዱበት የሶሲ የቅዳሜ የቲያትር ልምምድ እንዳይቀር ያደረገውም ይኸው ፍርሃት ነው። ወይዘሮ ስመኝ ከልጅ ልጃቸው ጋር ሳይሄዱ አንድም ቅዳሜ ቀርተው አያውቁምና፣ ዛሬ ቅሩ ቢባሉ «ምን ተፈጠረ?» ማለታቸው አይቀርም።

አንድ ቀን ብቻ ነው የቀረው። ይህን አንድ ቀን ብቻ አሳልፈኝ፣ እያለች እህተማርያም ከባቡሩ ወረደች።

አዳራሹ ከሰፈሩ ረጃጅም ሕንፃዎች በአንደኛው ምድር ቤት ነው። ልጅም አዋቂም ወንበሩን ክብ አድርጎ ተቀምጧል። ልምምዱን የምትመራው ሲምቦ ወይዘሮ ስመኝን ጉልበታቸውን ስማ ከፊት አስቀመጠቻቸውና፣ ኦሮምኛ ኦሮምኛ በሚል አማርኛዋ ጀመረች።

«የባለፈው ሳምንት የቤት ሥራችን ምን ነበር? ቤታችሁ ያለ ሰው፣ ማንም አያየኝም ብሎ ሲያስብ ምን ያደርጋል? እሱን አይታችሁ ኑ ነበር ያልኩት። ዛሬ ንግግር የለም። በእጃችሁ፣ በፊታችሁ ብቻ አሳዩን።»

እህተማርያም ክው አለች።

ሐሙስ ንጋት ላይ ነበር። ሁሉም ተኝቷል ብላ መታጠቢያ ቤት ገባች። እናቷ በተኙበት ቤት ውስጥ ለወንድሟ የምታለቅስበት ሌላ ቦታ አልነበራትም። የበሩ ቁልፍ ከተበላሸ ወር ሆኖታል። ገፋ አድርጋ ዘግታው ነበር? ወይስ ገርበብ ብሎ ቀርቷል? ብታስብ ብታስብ ትዝ አልላት አለ።

ተነሥታ ሲምቦ ጆሮ ሥር ጠጋ አለች። «ሲምቦዬ፣ ሶሲ ዛሬ ትንሽ አሟታል። ብንሄድ ይሻላል።»

«ኧረ ደህና ነኝ!» ብላ ሶሲ በእንግሊዝኛ ጮኸች።

«ምን ነካሽ አንቺ?» አሉ ወይዘሮ ስመኝ። «ሳምንቱን ሙሉ የተዘጋጀችበትን! አርፈሽ ተቀመጪ።»

ተቀመጠች፤ የእናቷንም እጅ ያዘች። ለሚያያት ፍቅር ነው። አረጋውያንን በመርዳት አሥራ አንድ ዓመት ያስቆጠሩት ጣቶቿ ግን ከእናቷ አንጓ ላይ የደም ምታቸውን አግኝተው እየቆጠሩ ነበር።

መጀመሪያ ኢሊሊ የምትባል ልጅ ተነሥታ፣ አባቷ ባድሩ መላጣውን በመስተዋት እያየ የሌለ ፀጉሩን ሲያበጥር አሳየች። ባድሩ ራሱን ይዞ አቀረቀረ፤ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ወይዘሮ ስመኝ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። እህተማርያምም አብራ ሳቀች፤ ቆጠራዋን ግን አላቋረጠችም።

«ሶሲ!» አለች ሲምቦ።

ሶሲ መሐል ቆመች። የማይታይ በር ዘጋች። የማይታይ ቧንቧ ከፈተች። ከዚያ ነጠላውን ከቦርሳዋ አውጥታ፣ ጥለቱን ወደ ታች አድርጋ እንደ ደንቡ ለበሰችው። እህተማርያም ትንፋሿን ለቀቀች። እሰይ፣ ይኸው ነው፣ ሌላ ነገር የለም።

ልጅቱ ግን ቆም ብላ አሰበችና ነጠላውን አወለቀችው። ገለበጠችው። ጥለቱን ወደ አንገቷ አምጥታ፣ አዘቅዝቃ ለበሰችው።

«ኧረ በስመአብ!» አሉ ወይዘሮ ስመኝ፣ ገና ሳቃቸው ሳይበርድ። «ምን ሟርት ነው? እንዲህ የሚለበሰው ሰው ሲሞት ነው፣ ልጄ፤ መልሽው!»

ሶሲ አልመለሰችውም። የነጠላውን ጫፍ አፏ ውስጥ ጎሰጎሰች። ጎንበስ ብላ በጡጫዋ ደረቷን መታች፣ መታች። በሌላ እጇ ቧንቧውን ይበልጥ ከፈተች፤ ድምፅ እንዳይሰማ ነው። የፈሩት ይደርሳል ማለት ይኸው ነው። እህተማርያም የእናቷን አንጓ ጠበቅ አድርጋ ያዘች።

ሶሲ ፊቷን ታጠበች። መስተዋት አየችና ፈገግ አለች። አልጣማትም መሰል፣ ፊቷን በመዳፏ አሸት አሸት አድርጋ እንደገና ሞከረች። ሁለተኛው ፈገግታ ተዋጣላት። እሱን እንደያዘች በሩን ከፍታ ወጣች።

ያቺን ፈገግታ ወይዘሮ ስመኝ አወቋት። ከማክሰኞ ወዲህ በየጠዋቱ ከቁርሳቸው ጋር የምትቀርብላቸው እሷ ነበረች።

አዳራሹ አጨበጨበ። በእህተማርያም ጣቶች ሥር የደም ምቱ መጋለብ ጀመረ። ቆጠራው ተምታታባት። እናቷ እጃቸውን ቀስ ብለው ከእጇ አላቀቁና ተነሥተው ወደ ልጅቱ ሄዱ።

«ማንን ነው የሠራሽው፣ የኔ እናት?»

«ማሚን» አለች ሶሲ በኩራት። «ጥሩ ሠራሁ?»

«ጥሩ ሠራሽ።»

ነጠላውን ከልጅቱ ትከሻ ላይ አነሡት። መልሰው ሊያስተካክሉት ነው ብላ እህተማርያም አሰበች፤ ተስፋም አደረገች። አላስተካከሉትም። እንደተዘቀዘቀ በራሳቸው ትከሻ ላይ ጣሉት፤ ጥለቱን በሁለት እጃቸው አንገታቸው ላይ ያዙት። እህተማርያም ሮጣ ልትደግፋቸው ተነሣች፤ እሳቸው ግን ቀጥ ብለው ቆመዋል። ሲምቦ የጨዋታው ክፍል መስሏት ጣቷን አፏ ላይ አድርጋ ልጆቹን ጸጥ አሰኘች።

ወይዘሮ ስመኝ ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«ከሁለቱ» አሉ፣ «ማንኛቸው ነው?»