የተሸናፊ ሻይ

ጋሽ ይገዙ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ቲኬት ተቆጣጣሪ ነበሩ። እሳቸው ጡረታ ወጡ እንጂ ዓመላቸው አልወጣም። ቅቤ ሲገዙ እታች ድረስ በጣታቸው ቆፍረው ያያሉ፤ የማያውቁት ሰው ፈገግ ካለላቸው ኪሳቸውን ይዳብሳሉ። ምነው ሲባሉ መልሳቸው አንድ ነው፦ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ።» ደግነቱ እሳቸውን ማንም ጠርጥሮ አያውቅም። በየክረምቱ ከጳውሎስ ጀርባ ባለው ሜዳ የሰፈር ኳስ ሲደረግ ፊሽካውን የሚይዙት እሳቸው ናቸው። የገዛ ወንድማቸውን ልጅ በቀይ ያባረሩ ሰው! ሀብት የላቸውም፤ ያላቸው ይኸው ስማቸው ነው።

ሜዳው ደግሞ የራሱ ደንብ አለው። ጨዋታ ሲያልቅ ዳኛውን ሻይ የሚጋብዘው የተሸነፈው ቡድን ነው። ማን እንደጀመረው አይታወቅም፤ ድንጋይ ከመወራወር ይሻላል ያለ አንድ ብልህ ሰው ይሆናል። ሻዩ ተጠጣ ማለት «ተሸንፈናል፣ ግን አልተበደልንም» ማለት ነው። ጋሽ ይገዙ በአሥራ ዘጠኝ ክረምት አንድም ቀን ይህ ሻይ ቀርቶባቸው አያውቅም።

ነገር የመጣው በሃያኛው ነው። የውድድሩ ሰብሳቢ መሳይ ኮሚቴውን ጎሚስታ ቤቱ ሰብስቦ፣ ጎማ ላይ እንደተቀመጡ፣ ስፖንሰር ተገኘ አላቸው። አዲሱ ገበያ ያለው ቤቲንግ ቤት፣ ያ ሰዉ በእንግሊዝ ኳስ ላይ ብሩን የሚያሲዝበት፣ ለሁሉም ቡድን ማልያ ሊያለብስ፣ ዋንጫና መረብ ሊገዛ፣ ለዳኛው ሳይቀር ልብስ ሊያሰፋ ነው።

«በምላሹስ?» አሉ ጋሽ ይገዙ።

«ምንም። ስማቸው ማልያው ላይ ይጻፋል፣ በቃ።»

«የሰው ኪስ እያራገፈ የሚኖር ድርጅት እኔን የሚያለብሰኝ ምን አይቶብኝ ነው?»

«ጋሼ ደግሞ! የእንግሊዝ ቡድኖችም እኮ ይለብሱታል። እዚያ ሲሆን በቴሌቪዥን ታያላችሁ፣ እኛ ጋ ሲመጣ ኃጢአት ሆነ? ልጆቹ እኮ በተቀደደ ማልያ ነው የሚጫወቱት።»

«ውሻ በበላበት ይጮሃል፣ መሳይ። እኛ በልተን ለማን ልንጮህ ነው?»

ሰዉ ሳቀ። እጅ ሲወጣ ሰባት ለአንድ ሆነ። ጋሽ ይገዙ አንድ ሳምንት አኩርፈው ከረሙ፤ ከዚያ ፊሽካው ለሌላ ሊሰጥ ነው ሲባል ተመለሱ። ጀርባው ላይ የቤቲንግ ቤቱ ስም የተጻፈበትን ቢጫ ልብስ እንደ ሬት እየመረራቸው ለበሱት። በዚያው ሰሞን ነርስ የሆነችው ልጃቸው ሳሌም ከደመወዟ ቆጥባ አዲስ መነጽር ገዛችላቸው። «መሮጥህ ካልቀረ አይተህ ሩጥ፣ አባዬ» አለቻቸው።

ለፍጻሜ የሩፋኤልና የእንቁላል ፋብሪካ ሰፈር ቡድኖች ደረሱ። የፍጻሜው ዕለት ጠዋት ጋሽ ይገዙ በአዲሱ ገበያ ሲያልፉ የቤቲንግ ቤቱ መስታወት ላይ የተለጠፈ ወረቀት አዩ። ከእንግሊዝ ቡድኖች ስም መሀል «ሩፋኤል ከእንቁላል ፋብሪካ» ይላል። መነጽራቸውን አውልቀው ወልውለው እንደገና አነበቡት። በሩ ላይ ሰልፍ አለ፤ በዕድሜው ቁማር ነክቶ የማያውቅ የሰፈር ሰው ሁሉ ተሰልፏል። አብዛኛው የሚያሲዘው ለእንቁላል ፋብሪካ ነው፤ ክረምቱን ሙሉ አልተሸነፈማ።

በቀጥታ ወደ መሳይ ሄዱ። «ወረቀቱን አስነሣው» አሉት።

«ጋሼ፣ ለፍጻሜው ክብር ብለው እኮ ነው።»

ክብር አለ! ጥለውት ሄዱ። ከሰዓት ሜዳው አፍ እስከ ገደፉ ሞላ። ጨዋታው ሊጀመር ሲል የድርጅቱ ሰውዬ ካሜራ አስከትሎ መጣና የጋሽ ይገዙን እጅ ይዞ ረጅም ጊዜ ጨበጠ። «በርቱ አባቴ» አላቸው በጆሯቸው። እሳቸው ዞር ሲሉ መዳፋቸውን ሱሪያቸው ላይ ጠረጉ። መጨበጡን ሰው ሁሉ አየ፤ መጥረጉን ግን ያየ የለም።

ጨዋታው ጭቃ ብቻ ሆኖ ዜሮ ለዜሮ ሊያልቅ አምስት ደቂቃ ሲቀረው፣ ሩፋኤሎች ኳስ ወደ ጎል አሻገሩ። የእንቁላል ፋብሪካው ተከላካይ ኢምራን ዘለለ። ኢምራን የሐጂ ሙንዲር ልጅ ነው፤ ባለሱቁ ሐጂ ሙንዲርና ጋሽ ይገዙ ደግሞ የሠላሳ ዓመት ወዳጆች ናቸው። በሐምሌ የልጁ ምረቃ ዕለት እንኳ ሐጂ ቤት ከፊት ተቀምጠው ከመረቁት ሽማግሌዎች አንዱ ጋሽ ይገዙ ነበሩ። ታዲያ የልጁ ክንድ ከጎኑ ተለየ፤ ኳሷ ክንዱን መትታ ወረደች። ጋሽ ይገዙ ከአምስት እርምጃ ላይ ሆነው አዩት። ነፉ። ማኖ ነው፣ ሪጎሬ! ኢምራን ምንም ሳይል አንገቱን ደፍቶ ዞረ። የሩፋኤሉ አምበል ጃለታ ፍጹም ቅጣት ምቱን መታው፤ ገባ። ሰዉ ለእንቁላል ፋብሪካ ያስያዘው ብር ሁሉ ለቤቲንግ ቤቱ ሊቀርለት ነው።

እስከዛሬ እንዲህ ሲሆን ሰዉ የሚጮኸው «ዕውር!» ብሎ ነበር። ዕውር መባል ምንም አይደል፤ ዕውር ሰው ታማኝ ነው። ያን ቀን ግን ከዳር አንድ ድምፅ «ስንት ሰጡህ?» አለ። ወዲያው ሜዳው በሙሉ ተቀበለው። ጋሽ ይገዙ ሰዓታቸውን እያዩ የቀረውን ደቂቃ አጫወቱ።

ሲያልቅ ከእንቁላል ፋብሪካ ልጆች አንድም ሰው ሜዳው ላይ አልቀረም። በምትኩ ጃለታ መጣና «ጋሼ፣ ዛሬ ሻዩ በእኛ ይሁን» አለ። በክፋት አልነበረም፣ አዝኖላቸው ነው።

«አሸናፊ ዳኛን አይጋብዝም» አሉትና ብቻቸውን ወደ ቤታቸው አዘገሙ።

በማግሥቱ ስኳር ሊገዙ ሐጂ ሙንዲር ሱቅ ገቡ። ሐጂ ስኳሩን እየመዘኑ የጋሽ ይገዙን ፊት አየት አደረጉ።

«መነጽሩ አዲስ ነው?»

«ሳሌም ገዝታልኝ ነው።»

«እ... ይመችህ።» ሐጂ ዙሪያውን ቃኝተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ይገዙ፣ በእኔና ባንተ መካከል ይቅር። ኑሮው ከባድ ነው፤ አልፈርድብህም። ብቻ በልጄ ባይሆን ጥሩ ነበር።»

ቢሰድቧቸው ይሻል ነበር። «ሙንዲር፣ ነክቶታል። በማርያም ነክቶታል።»

«አምኜሃለሁ» አሉ ሐጂ፣ ለበሽተኛ ሰው «ትድናለህ» እንደሚባለው። ጋሽ ይገዙ ስኳሩን ባንኮኒው ላይ ትተው ወጡ።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ ውስጣቸው ገብቶ ያብሰለስላቸው ጀመር። ዳኛው የድርጅቱን ልብስ ለብሷል፣ ሰውዬው ጆሮው ላይ አንሾካሹኮለታል፣ አዲስ መነጽር አድርጓል። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ከሁሉ ቀድመው የሚጠረጥሩት እሳቸው ራሳቸው ነበሩ። ይባስ ብሎ ዓይናቸውን መጠርጠር ጀመሩ። እውነት ክንዱን ነው የነካችው?

በሁለተኛው ሳምንት፣ ከሰዓት ላይ፣ ሩፋኤል አካባቢ ሻይ ቤት ብቻቸውን ተቀምጠው ሳለ ኢምራን ገባ። ግራ ቀኝ አይቶ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠና ሁለት ሻይ አዘዘ።

«የተሸናፊ ሻይ ነው፣ ጋሼ። ስለዘገየሁ ይቅርታ ያድርጉልኝ።» «ክንዴን ነክቶኛል። ልክ ነበሩ።»

የጋሽ ይገዙ ዓይን እንባ አቀረረ። ሁለት ሳምንት ሙሉ የሚጠብቋት ቃል እቺ ነበረች። «ተመስገን! ታዲያ ተነሣ፣ ለአባትህ እንንገረው። ለሰፈሩም ተናገር።»

ኢምራን ራሱን ነቀነቀ። «ለቡድኑ ልጆች ነገርኳቸው እኮ። "ለካ አንተም አብረህ በልተሃል፤ እጅህን ያወጣኸው ሆን ብለህ ነው" አሉኝ። ከዚያ ወዲህ አፌን ዘጋሁ።»

ሻዩ መጣ። ጋሽ ይገዙ ብርጭቆውን ከበው ያዙ። ሆን ብለህ ነው። ቃሏ እንደ እሾህ ጭንቅላታቸው ውስጥ ተሰካች። እውነትም ያን የመሰለ ተከላካይ እጁን ለምን ያወጣል? አሁንስ ደርሶ ይቅርታ የሚለው ማን ልኮት ነው? ሳያስቡት ዓይናቸው ወደ ጠረጴዛው ሥር ወረደ። ልጁ የሚያብለጨልጭ አዲስ ጥቁር ጫማ አድርጓል።

«ይሄን ጫማ ማን ገዛልህ?»

ኢምራን ጫማውን አየ። ከዚያ ቀና ብሎ መነጽራቸውን አየ።

«አባዬ ነው፣ ለምረቃዬ» አለ ቀስ ብሎ። «ሲሰጠኝ እርስዎም ነበሩ እኮ።»

ያልተጋመሰ ብርጭቆውን አስቀምጦ የሁለቱንም ሻይ ከፍሎ ወጣ። ጋሽ ይገዙ «ኢምራን!» ብለው ተጣሩ፤ ልጁ ግን አልዞረም። እሳቸውም ሻያቸውን ሳይቀምሱት ተነሡ።