ከአጥሩ ውስጥ የቀረው መቃብር

የአያቴ መቃብር በኮሪያዋ ከተማ ፒዮንግቴክ ባለው የአሜሪካኖች ጦር ሰፈር ውስጥ ቀርቷል። ሣሩን እንድናጭድ በዓመት አንድ ቀን ያስገቡናል። ዘንድሮ በሩ ላይ ተራ ስንጠብቅ፣ በሰፈሩ ወጥ ቤት የሚሠራው አጎቴ ዱክማን ስልኩን አይቶ ወደ አባቴ እየዞረ ሳቀ።

«ጋሼ፣ የአሜሪካ ምክር ቤት ወታደሩ ከኮሪያ እንዳይወጣ በሕግ ከለከለ! እንጀራዬ ተረፈ!»

አባቴ ጉበቱን ታሟል፤ ሐኪሞቹ ከዓመት በላይ አይቆይም ብለዋል። ምኞቱ ሰፈሩ ተዘግቶ ከአባቱ ጎን መቀበር ነበር።

«እኔንስ የት ልትጥለኝ ነው?»

«ጋሼ ደግሞ! አፈር ሁሉ አንድ አይደል?»

አባቴ በያዘው ማጭድ ፊቱን መታው። የዱክማን ጉንጭ እስከ ጥርሱ ተተረተረ። ሲወድቅም ደረቱ ላይ ወጥቶ ደገመው። ወታደሮቹ በሰደፍ እየደበደቡ አባቴን ጎትተው አነሱት።

«ከእንግዲህ በዚህ በር አትገባም» አለው የወታደሮቹ አስተርጓሚ።

አባቴ ደም እየተፋ «ሞቼም?» ብሎ ጠየቀ።

አስተርጓሚው ይህን አልተረጎመላቸውም።